ሰው የሚለካው በራሱ ነው

ውሻዬ ከድመት እምብዛም አይበልጥም። ይህን የምለው ላሳጣው ብዬ ሳይሆን፣ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ በእሱ ሰበብ ስለተጀመረ ነው። ሰሞኑን በሰፈራችን ሌባ በርከት ብሏልና «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ማስታወቂያ ከነሥዕሉ በቆርቆሮ ላይ አሠርቼ በሬ ላይ ልሰቅል አሰብኩ። ኃይለኛውን ውሻ መግዛት ስላልቻልኩ ቢያንስ ቆርቆሮው ይጩህልኝ ብዬ ነው።

ማስታወቂያ የሚሠሩት ሽማግሌ ሱቅ እኔ ከምሠራበት ጋዜጣ ቤት ብዙም አይርቅም። ብሩሻቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ስለሚውሉ ሰው ሁሉ ጋሽ ብሩሽ ይላቸዋል። መንገዱ በተጠገነ ቁጥር አስፋልቱ ከፍ፣ ሱቁ ዝቅ እያለ ሄዶ በሩ አጥሯል፤ ረዘም ያለ ሰው ሲገባ አንገቱን ሰበር ማድረግ ግድ ይለዋል። እኔ ግን፣ ምስጋና ለቁመቴ ይሁንና፣ ቀጥ ብዬ ነው የገባሁት።

ውስጡ በቀለምና በቀለም ማቅጠኛው በአኳራጅ ሽታ ታፍኗል። በግድግዳው ዙሪያ የተጀመሩ ማስታወቂያዎች ተደርድረዋል፤ ግማሽ ጥርስ፣ ግማሽ ጎማ፣ ፀጉሩ ብቻ ያለቀለት ሰውዬ። ከሁሉ በላይ፣ ከመስኮቱ ራስጌ፣ አንድ የቤተሰብ ሥዕል ተሰቅሏል። ጋሽ ብሩሽ ኮት ለብሰው መሃል ላይ ቆመዋል፤ ክፈፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልተውታል። በስተግራቸው ሻሽ ያሰረች ሴት አለች፤ ከክርናቸው አትደርስም። ከፊታቸው ደግሞ ጠርሙስ የምታህል ሕፃን ልጅ። ነገሩ ገረመኝ፤ ግን የመጣሁት ለውሻ ነውና ዝም አልኩ።

«ቤት ለእንግዳ! ግባ፣ ግባ» አሉኝ። ከጠረጴዛው ማዶ አንዲት ወጣት አንገቷን ደፍታ ቆማለች። የወንድማቸው ልጅ ናት፤ እሳቸው ቤት አድጋ፣ ሥዕል ትምህርት ቤት ገብታ፣ ተመርቃ የተመለሰች። የሁለቱም ፊት የቀላው በሙቀቱ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ።

«ውሻህ ምን ያህላል?»

በእጄ አሳየኋቸው።

«ይኸማ አይጥ ነው!» ብለው ሳቁ። «ግድ የለህም። እኔ ጥጃ አሳክልልሃለሁ።»

«ያው ነው እንግዲህ!» አለች ልጅቱ ቀና ብላ። «ውሻውንም ሊያሳብጡት ነው፣ ጋሼ?»

«ሌባ የሚፈራው ያበጠ ውሻ ነዋ!»

እኔ አራሚ ነኝ፤ የምኖረው የሰው ስሕተት እየለቀምኩ ስለሆነ በማያገባኝ መግባት ይቀናኛል። ውሻዬን ትቼ «ለመሆኑ ምን ተፈጥሮ ነው?» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአካባቢው ጤና ጣቢያ፣ ልጅ ሲታመም ቤተሰቡ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያሳይ የሥዕል ታሪክ አዟል። ማንበብ የማይችል ሰውም እንዲገባው ፊደል የለበትም። ወረቀቱ በአራት ሳጥን ተከፍሏል። በመጀመሪያው ሳጥን ልጁ ቤት ውስጥ ያለቅሳል፤ በሁለተኛው አባቱ ይዞት ሐኪም ዘንድ ይቀርባል፤ በሦስተኛው አባትየው ቤት ተመልሶ መድኃኒቱን በማንኪያ ይሰጠዋል፤ በአራተኛው ልጁ ድኖ ይጫወታል። የጤና ጣቢያው ሲስተር ከሰዓት በኋላ መጥታ ወረቀቱን ወደ ማተሚያ ቤት ትወስደዋለች፤ ከዚያ በየቤቱ ይለጠፋል። ጋሽ ብሩሽ ሥለው ጨርሰዋል። የወንድማቸው ልጅ ግን «እንዲህ ሆኖ መውጣት የለበትም» ብላ ወረቀቱን ይዛባቸዋለች።

«እስቲ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፣ ፍረድ» አሉኝ ሽማግሌው። «ሐኪም ትልቅ ሰው ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ትልቅ ሰው ትልቅ ሆኖ ካልተሣለ ትልቅነቱ በምን ይታወቃል?»

«በሥራው ይታወቃላ፣ ጋሼ» አለች ልጅቱ። «ይመልከቱ። በዚህ ሳጥን አባትየው ጣሪያውን በአናቱ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ሐኪሙ ፊት ሲደርስ ከሐኪሙ ወገብ አያልፍም። ቤቱ ሲመለስ ደግሞ እንደገና አደገ። ሰው በአንድ ቀን ስንት ጊዜ ያድጋል?»

«በቤቱ አባወራ ነው፤ ትልቅ ነው። ሐኪም ፊት ሲቆም ያንሳል። አንቺስ አለቃሽ ፊት ስትቆሚ አታንሺም?»

እውነቱን ለመናገር ይህ መልስ ልቤን ነካው። እኔ ራሴ ዋና አዘጋጁ ቢሮ ስገባ ምን ያህል እንደማንስ አውቀዋለሁ። ሽማግሌው ያለ ምክንያት አልሣሉም፤ እንዲያውም ሰው ውስጡ የሚሰማውን ነው የሣሉት። ልጅቱ ምን ትመልስ ይሆን ብዬ ስለጓጓሁ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ያንሳል» አለች ጥቂት አስባ፤ «ግን የሚያንሰው ልቡ ነው እንጂ ቁመቱ አይደለም። ማነሱን በትከሻው ያሳዩልን። ትከሻውን ሰብሰብ ያድርጉት፣ ዓይኑ መሬት መሬት ይይ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ያስይዙት። እንዲህ ያለውን እንደ እርስዎ የሚችልበት የለም። ቁመቱን ግን አይንኩበት። ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ስንሻገር ‹ያው ሰውዬ ነው› ብለን የምናውቀው በእሱ ነው።»

«ታዲያ ልኩን በምን አገኘዋለሁ?»

«ሰው የሚለካው በራሱ ነዋ።»

ጋሽ ብሩሽ ጠረጴዛውን በደስታ መቱት። «እሰይ! ይኸውልህ፣ ከአፏ ወጣ! እኔስ ምን አልኩ? ሰው የሚለካው በራሱ ነው። በማንነቱ፣ በክብሩ፣ በወንበሩ...»

«ኧረ ጋሼ! በራሱ ስል በጭንቅላቱ ማለቴ ነው።»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በሕይወቴ ስንት ቃል አርሜአለሁ፤ ‹ራስ› የሚለው ቃል አጎትንና የወንድም ልጅን እንዲህ እንደሚያጋጭ ግን አላሰብኩም ነበር። ልጅቱ ሳቄን ችላ ብላ እርሳሷን አነሣች። በመጀመሪያው ሳጥን ያለውን አባት ጭንቅላት ከአናቱ እስከ አገጩ ለካችና ያንኑ ልክ እየደጋገመች እስከ ጫማው ወረደች።

«ሙሉ ሰው ሲቆም ቁመቱ የራሱን ጭንቅላት ሰባት ጊዜ፣ ቢበዛም ትንሽ ከዚያ በላይ ያህላል። የዓመት ሕፃን ግን ጭንቅላቱ ትልቅ፣ አካሉ ትንሽ ስለሆነ አራት ጊዜ ብቻ ነው። ይኸኛው አባት ሰባት ነው፤ ጥሩ። ሐኪሙ ፊት የቆመው ግን ይኸው፣ አራት። ጭንቅላቱን እንዳለ ትተው አካሉን ስላሳጠሩት ሕፃን ሆኗል።»

«ውሸት!» አሉ ሽማግሌው። እጃቸው ግን እርሳስ እየፈለገ ነበር። ክንዳቸውን ዘርግተው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መጀመሪያ ልጅቱን ለኩ። «ሰባት» አሉ ቀስ ብለው። ወደ እኔ ዞሩና «አንተ ደግሞ ተነሥ» አሉኝ። «ስድስት ተኩል።»

ቅር አለኝ። እንደገና ይለኩኝ ብልም አልሰሙኝም፤ በመስኮቱ በኩል ደጅ ያለውን መንገደኛ መለካት ጀምረው ነበር። አንዱን በቆመበት፣ ሌላውን እየሄደ እያሳደዱ ለኩት። ፀጉራቸው የሸበተ ሰው እንዲህ ነገር ለማወቅ ሲቸኩል ማየት ደስ ይላል።

ሆኖም ማወቅ ሌላ፣ መቀበል ሌላ ነው። እርሳሱን አስቀመጡና ፊታቸው ጠቆር አለ።

«ይሁን፤ ልኩ ልክ ነው እንበል። ግን ይኸን ወረቀት የሚያየው የሥዕል ተማሪ አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ነው። የሰፈሩ ሰው ደግሞ የለመደው የእኔን እጅ ነው። ይኸን ብሩሽ ስይዝ አንቺ አልተወለድሽም። አሁን ማስታወቂያውን ሁሉ ማሽን እያተመው ሥራ ከዚህ ቤት ርቋል። ይኸ ወረቀት ግን በየቤቱ ይገባል። እኔ ባልፍ እንኳ እጄ በየግድግዳው ይቀራል ብዬ ነበር። አንቺ አርመሽው ከገባ ግን እጁ የእኔ አይደለም።»

የልጅቱ ዓይን እንባ አቀረረ። «እኔ እኮ ይኸን እጅ ይዤ ነው መሣል የተማርኩት፣ ጋሼ» አለች። «ሰው እንዳይስቅበት ብዬ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እነዚህ ሁለቱ ሞኞች አልነበሩም፤ ወረቀቱን ግን አንዱ በአንድ ጫፍ፣ ሌላው በሌላ ጫፍ እንደያዙት ነበር። አሁንም በማያገባኝ ገባሁ። «ፊደል ያልቆጠረና ስለ ነገሩ ያልሰማ ሰው ወረቀቱን ይይና ያየውን ይንገረን» አልኩ። «ከእንግዲህ በዚህ በር መጀመሪያ የሚገባው እንዲህ ያለ ሰው ይፍረድ።» ሁለቱም ተስማሙ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ጨለመ። አንዲት እናት ምሳ ዕቃ አንጠልጥለው፣ አንገታቸውን ብቻ ሳይሆን ወገባቸውንም ሰብረው ገቡ። ከገቡ በኋላም ቀና አላሉም፤ በልማድ ይሆናል፣ ጎንበስ እንዳሉ ወንበር ይዘው ተቀመጡ።

«ባለቤቴ ናት!» አሉ ጋሽ ብሩሽ ፊታቸው እየበራ። «ደህና ዳኛ መጣልኝ።»

ባለቤታቸው ማንበብ አይችሉም። ሥዕሉንም ከዚያ በፊት አላዩትም፤ ጋሽ ብሩሽ ሥራቸውን ሳይወጣ ለሰው ማሳየት አይወዱም። ወረቀቱን ፊታቸው ዘርግተን «ምን ይታይዎታል?» አልናቸው።

«ይኸ ግዙፍ ሰውዬ አባት ነው» አሉ በጣታቸው እየተከተሉ። «ሕፃኑ ታሞበታል፣ የኔ ጌታ። ይቺ በሩ ሥር የቆመችው ታላቅ እህቱ ናት።»

ጋሽ ብሩሽ አፋቸውን ሲከፍቱ በዓይኔ ዝም አስኘኋቸው።

«እዚህ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ሐኪም ቤት ወስዶታል። ተባረክ! ወንድም እንዲህ ነው።»

«የምን ወንድም? አባቱ እኮ ነው!»

«አባቱማ ያ ግዙፉ አይደል? ቤት ቀርቷል። ይኸ ልጅ ከሐኪሙ ወገብ አይደርስም።» ጣታቸው ወደ ሦስተኛው ሳጥን አለፈ። «እዚህ ጋ አባትየው መድኃኒቱን በጭልፋ ያጠጣዋል።»

«በምን?»

«በጭልፋ። የልጁን ፊት የሚያህል ጭልፋ ይዟል፤ አይታይህም?»

አራተኛው ሳጥን ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ጋሽ ብሩሽ የልጁን መዳን ለማሳየት አፋፍተው፣ ከወንበሩ አስበልጠው ሥለውታል። «ይኸ ጎረምሳ ደግሞ ማን ነው?» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ሦስተኛው ሳጥን መለሱ። «ያ በጭልፋ የጠጣው ሕፃንስ? ሞተ እንዴ?»



«እናታቸውስ የት ሄደች?» ሲሉ ጨመሩ። «ልጅ እንዲህ ሲታመም እናት የሌለችበት ምን ዓይነት ቤት ነው?»

«እናቲቱ ይቺው ናት» አሉ ጋሽ ብሩሽ፣ በሩ ሥር የቆመችውን እያሳዩ።

«ይቺ? ይቺማ ልጅ ናት።»

ጋሽ ብሩሽ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት ነበር፤ ለኀፍረት ጊዜ አላገኙም። «ማንኪያ ነበር እኮ» አሉ። «ሲስተሯ፣ ‹ዋናው ነገር አንድ ትንሽ ማንኪያ ብቻ መሆኑ ነው፣ እሱ ጎልቶ ይታይ› አለችኝ። ዋና ነገር ስለሆነ አሳደግኩት።»

«እኔ እንዳየሁት ነው የማጠጣው» አሉ ባለቤታቸው በየዋህነት። «በጭልፋ ካላችሁ በጭልፋ ነዋ።»

ጋሽ ብሩሽ የማንኪያውን ትንሽነት ለማሳየት ትልቅ አድርገውት ነበር። ‹ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው› የሚለውን አስታወስኩና፣ መከራው በወረቀት ላይ ብቻ በመቅረቱ ተመስገን አልኩ። ያ ወረቀት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ቤት ጭልፋ ይነሣ ነበር? ሳስበው እኔንም ሰቀጠጠኝ።

«እሺ» አሉ ጋሽ ብሩሽ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው እየሳቡ። «እንደገና እሠራዋለሁ። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሁሉም በየልኩ ከቆመ ዋናው ነገር ዋና መሆኑን በምን ላሳይ? አንቺ ልጅ፣ ያንቺንም ሥራ አይቼዋለሁ። ልኩ ልክ ነው፤ ሰዎቹ ግን እንደ አጥር እንጨት ተደርድረዋል። ዓይኔ ማን ላይ ይረፍ?»

«እውነትዎን ነው» አለች ልጅቱ። «መስመሬ ደረቅ ነው። የእርስዎ ሰው ይተነፍሳል፤ የእኔ ቆሞ ያፈጣል። እሱን ገና ከእርስዎ እማራለሁ። ለዋናው ነገር ግን መላ አለው።» ከምሳ ዕቃው ማንኪያውን አንሥታ ወደ ዓይናቸው አስጠጋችው። «አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑ። እትዬ ይታዩዎታል?»

«ማንኪያው ጋርዷታል።»

«ማንኪያው አደገ?»

«ከየት ያድጋል? ቀረበኝ እንጂ።»

«በቃ። ያቅርቡት እንጂ አያሳብጡት። ሦስተኛውን ሳጥን ማንኪያው፣ የአባትየው ጣቶችና የልጁ አፍ ብቻ ይሙሉት። ጣቱ አጠገቡ ስላለ የማንኪያውን ትንሽነት ጣቱ ይመሰክራል። ሲቀርቡ ሁሉም አብረው ያድጋሉ፣ ሲርቁም ሁሉም አብረው ያንሳሉ። አንዱ ብቻውን አያድግም።»

ጋሽ ብሩሽ ማንኪያውን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት። «ይኸን ሁሉ ዘመን ስበላበት እንዲህ አድርጌ አላየሁትም» አሉ። ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞሩ። «ያንተንም ውሻ አናሳብጠውም። አፍንጫውንና ጥርሱን ብቻ እናቀርባለን። የቀረውን ሌባው ራሱ ይጨምርበት።»

አዲስ ወረቀት ተዘረጋ። ልጅቱ ከካርቶን ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ መለኪያ ቆረጠች፤ በአባትየው ላይ ሰባት ጭረት፣ በሕፃኑ ላይ አራት። ጋሽ ብሩሽ ከሳጥን ወደ ሳጥን በተሻገሩ ቁጥር ያንኑ ካርቶን አስጠግተው ያመሳክራሉ። እሷ መለኪያ ከማቀበልና ቀለም ከመበጥበጥ በቀር ወረቀቱን አልነካችም። አባትየው ሐኪሙ ፊት በሙሉ ቁመቱ ቆመ፤ ትከሻው ግን ተሰበሰበ፣ ባርኔጣውም በሁለት እጁ ተጨመደደ። ከሐኪሙ እኩል ቆሞ እንኳ አንጀቴን በላው።

«እናቲቱስ? ቁመቷ ምን ያህል ይሁን?» አለች ልጅቱ።

ጋሽ ብሩሽ እንደ ዘበት ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «እስቲ ተነሺና አጠገቤ ቁሚ።»

ባለቤታቸው ጎንበስ እንዳሉ ተነሡ። «ቀጥ በይ እንጂ» ሲሏቸው ቀጥ አሉ። የጋሽ ብሩሽ አናት ከባለቤታቸው ዓይን አላለፈም። ሊለኩ ክንዳቸውን ዘረጉና እርሳሱ አየር ላይ ቀረ። ወደ ሥዕላቸው ተመልሰው እናቲቱን ከበሩ ሥር አወጧት፤ ሕፃኑን አሳቅፈው ከአባትየው ጋር ትከሻ ለትከሻ አቆሟት።

ሲያበቁ ወረቀቱን እንደገና ለባለቤታቸው ዘረጋንላቸው። «ልጁ ታሟል» አሉ። «ይኸው አባቱ ሐኪም ዘንድ ወሰደው፤ ፈርቷል መሰለኝ። አንዲት ማንኪያ፣ ይቺ የጣት ጫፍ የምታህል። እሰይ፣ ልጁ ዳነ፤ ያው ልጅ ነው።» ከዚያ ወደ መጀመሪያው ሳጥን ተመለሱ። «እናቱም ነበረች ለካ!»

ሲስተሯ የመጣችው ቀለሙ ሳይደርቅ ነው። ቆማ አንድ በአንድ አየችና «ጋሽ ብሩሽ፣ እጅዎ ይባረክ!» ብላ በጥንቃቄ ይዛው ሄደች። «እጅዎ» ማለቷን ሽማግሌው ሰሙ፤ ልጅቱም ሰማች።

እንግዲህ በቋንቋችን ልክ ማለት መጠን ነው፤ ልክ ማለት ትክክልም ነው። ሁለቱ ለምን አንድ ቃል እንደሆኑ ያን ቀን ገባኝ። ሰው ከሳጥን ወደ ሳጥን ልኩን ይዞ ከተሻገረ ተመልካች አይጠፋበትም፤ አባት ወንድም አይሆንም፣ ማንኪያም ጭልፋ አይሆንም። ሐኪሙን ለማክበር በሽተኛውን ማሳነስ አያስፈልግም፤ ዋናውን ነገር ለማጉላትም መጠጋት ይበቃል። ደግሞም ሽማግሌው ስለተማሩ ብሩሻቸውን የነጠቃቸው የለም፤ ልጅቱም ሰው የሚተነፍስ አድርጎ መሣልን ከእሳቸው ትማራለች። እኔም የውሻዬን ጥርስ በሬ ላይ ሰቅያለሁ፤ እስካሁን የመጣ ሌባ የለም።

ያን ቀን ግን ልወጣ ስል ጋሽ ብሩሽ መሰላል ላይ ወጥተው ነበር። ከመስኮቱ ራስጌ ያለውን የቤተሰብ ሥዕል አውርደው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። እርሳሳቸውን ኮት በለበሰው ሰውዬ ላይ፣ ቀጥሎም ሻሽ ባሰረችው ሴት ላይ አሳረፉ።

«አንቺ እኮ ከእኔ ትረዝሚያለሽ» አሉ፣ ባለቤታቸውን ቀና ብለው ሳያዩ። «እዚህ ግን ከክርኔ አትደርሺም። ይኸን ሁሉ ዘመን ስታዪው ምነው አንድ ቀን እንኳ አልተናገርሽ?»

ባለቤታቸው ቀረብ ብለው ሥዕሉን አዩት።

«እኔ እኮ ተቀምጬ የሣልከኝ ነበር የመሰለኝ» አሉ።

ጋሽ ብሩሽ ብሩሻቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ።

«በይ ተነሺ እንግዲህ» አሏቸው።